ምዕራፍ ስምንት፦ ከኋላ የተገጨ ሰው

በዋሽንግተን ዙሪያ መኪና የሚነዳ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ ከኋላ የገጨ ይከፍላል። ስህተት አይደለም። በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም፣ በዲሲም አሽከርካሪ ከፊቱ ካለው መኪና በቂ ርቀት ጠብቆ እንዲነዳ ሕግ ያስገድደዋል። ርቀቱን የጠበቀ ሰው የፊተኛው ድንገት ቢቆምበት እንኳ ፍሬን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ከኋላ መጥቶ የገጨ ሰው «እንዴት ሳታየው ቀረህ?» ሲባል መልስ ያጥረዋል፤ የተገጨውም ክርክሩን የሚጀምረው ከጥሩ ቦታ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን ካሳቸውን የሚያጡት ግን እዚህ ጥሩ ቦታ ላይ ቆመው ሳለ ነው። «ጥፋቱ የእሱ ነው፣ ኢንሹራንሱ ይከፍላል» ብለው ይቀመጣሉ። ኢንሹራንሱ በበኩሉ የሚያየው የተጻፈውን፣ በድምፅ የተቀረጸውንና ፎቶ የተነሳውን ብቻ ነው። በዚያ ላይ እኛ በብዛት የሰፈርንበት ይህ አካባቢ በአሜሪካ ውስጥ ለተጎጂ እጅግ ጥብቅ የሆነ ሕግ ከሚሠራባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በዲሲ የሚኖር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ሕግ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ጥፋት ይከፋፈላል። 20,000 ዶላር የሚያወጣ ጉዳት የደረሰበት ሰው፣ ለአደጋው 10 በመቶ ያህል የራሱም ጥፋት አለበት ቢባል፣ በካሊፎርኒያ 2,000 ዶላሩ ተቀንሶ 18,000 ይከፈለዋል። ያው ሰው፣ ያው አደጋ፣ ያው ጉዳት አሌክሳንድሪያ ላይ ቢሆን የሚያገኘው ዜሮ ነው። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ፣ እንዲሁም በሰሜን ካሮላይናና በአላባማ፣ የተጎጂው ጥፋት ትንሽም ብትሆን ለአደጋው ምክንያት ከሆነች ካሳውን ሙሉ በሙሉ ታስቀርበታለች።

ሕጉ የተወለደው በፈረስ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1809 በእንግሊዝ አገር (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተፈረደ አንድ ጉዳይ፣ ደርቢ በምትባል ከተማ አንድ ሰው ቤቱን ሲጠግን መንገዱ ላይ አጣና አጋድሞ ነበር። ሌላው ሰው ወደ ማታ ፈረሱን እየጋለበ መጥቶ ከአጣናው ጋር ተላተመና ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። ፍርድ ቤቱ አጣናውን ያጋደመው ሰው ጥፋተኛ ቢሆንም፣ ጋላቢው ቀስ ብሎ ቢሄድ ኖሮ ያየው ነበር ብሎ ካሳ ነፈገው። ሜሪላንድ ይህን መርህ በ1847 ተቀበለች። እንግሊዝ ራሷ በ1945 ተወችው፤ ሜሪላንድ ግን እስከ ዛሬ አልተወችውም።

በ2013 የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕጉን ለመለወጥ ዕድል አግኝቶ ነበር። ጉዳዩ የአንድ ወጣት የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነው። የጎሉ አግዳሚ ላይ ሲንጠለጠል ብረቱ ተገልብጦ ፊቱን ሰባበረው። ጁሪው ጎሉን በአግባቡ ያላሰረው ማኅበር ቸልተኛ ነው አለ፤ አሰልጣኙም ቸልተኛ ነው አለ፤ ስለዚህ አሰልጣኙ ባዶ እጁን ሄደ። አብዛኞቹ ዳኞች ለውጡ የሕግ አውጪው ሥራ ነው ብለው ሕጉን አጸኑት። በልዩነት የጻፉት ዳኛ ግሌን ሃረል ግን ይህን መርህ ዘመኑ አልፎበት ሳለ ዛሬም በሜሪላንድ ምድር ከሚዞር ዳይኖሰር ጋር አመሳስለውታል። እኔም በዳኛው በኩል ነኝ። ዲሲ በ2016 ባወጣችው ሕግ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ይህን ቀንበር አንስታለች፤ በሁለት መኪኖች መካከል በሚደርስ ግጭት ግን ሕጉ ለአሽከርካሪዎቹ እንደ ድሮው ነው።

«እኔ ቆሜ ነው የተገጨሁት፣ ይህ እኔን ምን ያገባኛል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚያገባው እዚህ ላይ ነው፤ የገጪው ኢንሹራንስ በፋይሉ ውስጥ የሚፈልገው አንዲት የእርስዎን ስህተት ነው። የፍሬን መብራትዎ አልሠራም ነበር፣ ያለምክንያት ድንገት ቆሙ፣ መስመር ቀይረው ከፊቱ ዘው ብለው ገቡበት፣ መብራት ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራተቱ፣ ስልክዎን እያዩ ነበር፤ ከእነዚህ አንዷ ከተረጋገጠች ጉዳዩ አበቃ። ማረጋገጥ ያለበት ግን እሱ ነው፤ እርስዎ ንጹሕ መሆንዎን እንዲያስረዱ ሕጉ አያስገድድዎትም። የመቀመጫ ቀበቶ አለማሰርም በሦስቱም ቦታዎች እንደ ተጎጂ ጥፋት አይቆጠርም። አብሮዎት የተሳፈረ ሰው ደግሞ ሹፌሩ ቢያጠፋ እንኳ ጥፋቱ ወደ እሱ አይተላለፍም፤ የራሱ የተለየ መብት አለው።

ከዚህ ሕግ አንጻር ሲታይ ከግጭቱ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ሌላ መልክ ይይዛል። እኛ ከመኪና ስንወርድ ልማዳችን ይቀድመናል። የተገጨው ሰው ራሱ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ይወርዳል፤ የሰው ደኅንነት ይጠይቃል፤ «እግዚአብሔር አተረፈን፣ ምንም አልሆንኩም» ይላል። ይህ መልካም አስተዳደግ ነው፤ ማንም እንዲተወው አልመክርም። የሌላውን ሰው ደኅንነት ይጠይቁ፤ ቃልዎን ግን እዚያ ላይ ይግቱ። «ይቅርታ» ያሉት የፖሊስ ሪፖርት ውስጥ ከገባ፣ ከወራት በኋላ የሚያነበው ሰው ጨዋነትዎን አያውቅም። የሚነበብለት ጥፋት ማመንዎ ነው።

ገጪው የአገር ሰው ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። «ወንድሜ፣ ኢንሹራንስ ውስጥ ምን አስገባን? ዋጋ ይጨምሩብኛል። እኔ ራሴ አሠራልሃለሁ» ይላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ሽምግልና ትልቅ ባህላችን ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አይመችም። የዛሬ መኪና ፓራውልት ከላይ የተጫረ ብቻ መስሎ ከሥሩ የታጠፈ ብረትና የተሰበረ ሴንሰር ይኖረዋል፤ በጥቂት መቶ ዶላር ያለቀ የመሰለው ነገር ጋራዥ ሲገባ ሺዎች ይሆናል። አንገትም የሚታመመው በማግስቱ ነው። በዚያን ጊዜ ስልኩ ካልተነሳ ፖሊስ የለም፣ ፎቶ የለም፣ ምስክሩም ሄዷል። የራስዎ ኢንሹራንስ ውልም አደጋን ቶሎ እንዲያሳውቁ ያዝዛል፤ ዘግይተው ቢያሳውቁ የራስዎን ሽፋን ይነፈጉ ይሆናል። ለአገር ልጅ ማዘን ከፈለጉ መኪናው ዋስትና ስላለው እሱን ይጠቀም፤ የተገዛው ለዚህ ነው።

ስለዚህ 911 ይደውሉ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎት ከሆነ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ። በዲሲ ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ፖሊስን ጨምሮ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ አማርኛም በከተማዋ በሰፊው ከሚጠየቁት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ጉዳት የደረሰበት ሰው ከሌለ ፖሊስ መጥቶ መረጃ አለዋውጦ ብቻ ሊሄድ ይችላል። ያኔ ሪፖርቱ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ የገጪውን መንጃ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ካርድና ታርጋ፣ የሁለቱን መኪኖች አቀማመጥ ከሩቅም ከቅርብም፣ መንገዱንና የትራፊክ መብራቱን ፎቶ ያንሱ። ከዚህ ጋር ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር አለ። መኪናው ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ያድርጉና ከኋላ መብራቱ በርቶ ፎቶ ያንሱት፤ ቪዲዮ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። «የፍሬን መብራቱ አይሠራም ነበር» የሚለውን ክርክር ከመወለዱ በፊት ይዘጋዋል። ጸጥ ብሎ ያየ እግረኛ ወይም አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ካለ ስልክ ቁጥሩን ይውሰዱ፤ ፖሊስ እስኪመጣ ይሄዳልና።

ከኋላ መገጨት አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ለማየት የማይመች ነው። መኪናው ወደ ፊት ሲወረወር ወንበሩ ጀርባን ይገፋል፤ ጭንቅላት ግን ለቅጽበት ባለበት ይቀራል። አንገት በዚያች ቅጽበት ከታች ወደ ፊት ይገፋል፣ ከላይ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጡንቻና ጅማት ይለጠጣል። በድንጋጤው ሰዓት ሕመሙ አይሰማም፤ ሌሊቱን ወይም በማግስቱ ይመጣል። ራጅ ላይም አጥንት ካልተሰበረ ምንም አይታይም። አሜሪካ ከ1969 ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች ለፊት ወንበሮቻቸው የራስ መደገፊያ እንዲኖራቸው ያስገደደችው በዚሁ ጉዳት ምክንያት ነው። መደገፊያው ከጆሮ በታች ወርዶ ከሆነ ዛሬውኑ ከፍ ያድርጉት።

የማይታይ ሕመም በሰነድ ካልታየ ለኢንሹራንስ የለም ማለት ነው። እኛ ደግሞ ሕመምን መዋጥ እናውቅበታለን። የገጪው ኢንሹራንስ አድጀስተር (ጉዳዩን የሚመረምረው ሠራተኛ) ደውሎ፣ ንግግሩ እየተቀረጸ መሆኑን ነግሮ፣ «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ሲል እናቶቻችን «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ወገባቸውን ይዘው እየተናገሩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቆይተው ሐኪም ቤት ቢሄዱ፣ ፋይሉ ላይ «ደህና ነኝ ብላለች፣ ሦስት ሳምንት አልታከመችም» የሚል ነገር ይጠብቃቸዋል። በማግስቱ ቢያምዎ በማግስቱ ይታከሙ። ለሐኪሙ «መኪና ገጭቶኝ ነው» ይበሉ፤ የሚያምዎትን ሁሉ፣ ትንሹንም ይንገሩት። ቀጠሮ አይዝለሉ። ለገጪው ኢንሹራንስ የተቀረጸ ቃል የመስጠት ግዴታም የለብዎትም። ለራስዎ ኢንሹራንስ የመተባበር ግዴታ አለብዎት፤ ለገጪው ኢንሹራንስ ግን ስምዎን፣ ቀኑንና ቦታውን ሰጥተው «ስለ ጤንነቴ ሕክምናዬን እየተከታተልኩ ነው» ማለት ይበቃል።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። ለጥገናው ሁለት በር አለ። አንዱ የገጪው ኢንሹራንስ ነው፤ ከኪስዎ ዲደክቲብል አይከፍሉም፤ ነገር ግን ደንበኛቸውን እስኪያነጋግሩ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ሌላው የራስዎ ኮሊዥን ሽፋን ነው። ዲደክቲብሉን ይከፍላሉ፣ መኪናው ቶሎ ይሠራል፤ የእርስዎ ኢንሹራንስ ከዚያኛው ገንዘቡን ሲያስመልስ ዲደክቲብልዎን ያስመልስልዎታል። አሮጌ ካምሪ ወይም ኮሮላ ይዘው ላይቢሊቲ (በሌላው ሰው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት የሚከፍለውን ሽፋን) ብቻ የገዙ ወገኖቻችን ግን ያላቸው የመጀመሪያው በር ብቻ ነው። ጋራዥ የሚመርጡት እርስዎ ነዎት፤ ኢንሹራንሱ የሚያውቀውን ጋራዥ ሊጠቁም ይችላል፣ ሊያስገድድ አይችልም።

መኪናው «ቶታል»፣ ማለትም መጠገኑ አያዋጣም፣ ከተባለ የሚከፈለው ከአደጋው በፊት የነበረው የገበያ ዋጋው እንጂ የባንክ ዕዳዎ አይደለም። 15,000 ዶላር ዕዳ ያለበት መኪና 11,000 ቢገመት አራቱ ሺህ በእርስዎ ላይ ይቀራል፤ ልዩነቱን የሚሸፍን ተጨማሪ ዋስትና ከሌለዎት በስተቀር። የመጀመሪያው ግምት የመጨረሻ አይደለም። በአካባቢው ለሽያጭ የቀረቡ ተመሳሳይ ዓመት፣ ተመሳሳይ ማይል ያላቸውን መኪኖች ማስታወቂያ ሰብስበው በጽሑፍ ይከራከሩ፤ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል።

ከጥገናው ሌላ ሰው ሳይጠይቅ የሚቀራቸው ገንዘቦች አሉ። መኪናው ጋራዥ እስካለ የኪራይ መኪና ይገባዎታል። የልጅ መቀመጫ መኪናው ውስጥ ከነበረ፣ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መካከለኛና ከባድ ግጭት ያየ መቀመጫ እንዲቀየር ይመክራል፤ ደረሰኙን ለኢንሹራንሱ ያቅርቡ። በደንብ ተጠግኖም መኪናው «አደጋ ያየ» ተብሎ ስለሚመዘገብ የመሸጫ ዋጋው ይወርዳል። ሦስቱም አካባቢዎች ይህን የዋጋ መውረድ ከገጪው ወገን መጠየቅን ይፈቅዳሉ። አዲስ መኪና ላይ ሺዎች ሊሆን ይችላል፤ ካልጠየቁ ማንም በራሱ አይሰጥዎትም።

ለሕክምናው ደግሞ ጥፋተኛው ማን ነው ሳይባል የሚከፍል ሽፋን በራስዎ ውል ውስጥ ሊኖር ይችላል። በሜሪላንድ ፒፕ የሚባለው ቢያንስ 2,500 ዶላር ሲሆን፣ የሕክምናውን ወጪና ከሥራ የቀሩበትን ገቢ አብዛኛውን ክፍል ይከፍላል። ብዙ ሰው ወርኃዊ ክፍያው በጥቂት ዶላር እንዲቀንስለት ሲል «አልፈልግም» ብሎ የፈረመው ይኸንን ነው። ፒፕ ስለተጠቀሙ ብቻ ኢንሹራንሱ ዋጋ እንዳይጨምርብዎት የሜሪላንድ ሕግ ይከለክላል። በቨርጂኒያ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው በምርጫ የሚገዛ የሕክምና ሽፋን ነው። ዲሲ ላይ ግን ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ፤ ፒፕ የገዛ ሰው ከአደጋው በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ፒፑን ይጠቀም እንደሆነ መምረጥ አለበት፤ ከተጠቀመ ደግሞ ገጪውን ስለ አካል ጉዳቱ መክሰስ የሚችለው ጉዳቱ ከባድና ዘላቂ ከሆነ ወይም ወጪው ከፒፑ ጣሪያ ካለፈ ነው። በዲሲ የሚኖር ሰው ይህን ሳያማክር አይምረጥ።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል በእኔ አስተያየት የምዕራፉ ትልቁ ጉዳይ ነው፤ የሚነበበውም ከአደጋ በፊት ነው። ሕግ ገጪው እንዲኖረው የሚያስገድደው ዋስትና ትንሽ ነው። በሜሪላንድ ለአንድ ተጎጂ 30,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 60,000፣ ለንብረት 15,000 ዶላር ነው። በዲሲ 25,000፣ 50,000 እና 10,000 ነው። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ወደ 50,000፣ 100,000 እና 25,000 ከፍ አድርጋዋለች። የአከርካሪ ዲስኩ ተንሸራትቶ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ሰው የሆስፒታል ሂሳብ ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ሊውጥ ይችላል። ገጪው ቤትና ሀብት የሌለው ሠራተኛ ከሆነ የሚፈረድልዎት ፍርድ ባዶ ወረቀት ነው። ጨርሶ ኢንሹራንስ የሌለው፣ ወይም ገጭቶ የሚያመልጥም አለ።

ያኔ የሚደርስልዎ የራስዎ ውል ነው። ኢንሹራንስ በሌለው ሹፌር ወይም በቂ ኢንሹራንስ በሌለው ሹፌር ሲጎዱ የሚከፍል ሽፋን፣ በተለምዶ «አንኢንሹርድ ሞተሪስት» የሚባለው፣ በውልዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከቁጥር ጋር ተጽፏል። በቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2023 በኋላ በተገዙ ወይም በታደሱ ውሎች ይህ ሽፋን በገጪው ዋስትና ላይ ይደመራል። ገጪው 50,000 ቢኖረውና እርስዎ 100,000 ቢኖርዎት፣ ጉዳቱ ያን ያህል ከሆነ እስከ 150,000 ይገኛል ማለት ነው፤ ቀድሞ ግን የሚታሰበው የሁለቱ ልዩነት ብቻ ነበር። ድምሩን በጽሑፍ እምቢ ማለት ይቻላል፤ በወር ጥቂት ዶላር ለመቆጠብ እምቢ ብለው እንደሆነ ወኪልዎን ይጠይቁ። ሽፋኑን ከፍ ማድረግ ከላይቢሊቲው ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ ይህ ደግሞ እርስዎንና ልጆችዎን የሚጠብቅ ገንዘብ ነው። የገጪው ኢንሹራንስ ሊከፍልዎ ከተስማማና ከራስዎም ሽፋን የሚፈልጉ ከሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት ለራስዎ ኢንሹራንስ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብዎት። ሳያሳውቁ ከፈረሙ ሁለተኛው በር ሊዘጋ ይችላል።

ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። አፑ ሲጠፋ ያለዎት የግል ውልዎ ብቻ ነው። አፑ በርቶ ጥሪ ሲጠብቁ ኩባንያው በእርስዎ ጥፋት ለሚጎዱ ሌሎች ሰዎች 50,000፣ 100,000 እና 25,000 ዶላር ያህል ይዞ ይቆማል። ጥሪ ተቀብለው ተሳፋሪው እስኪወርድ ድረስ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ይወጣል። ከኋላ ሲገጩ ካሳውን በቅድሚያ የሚከፍለው የገጪው ኢንሹራንስ ነው፤ ኢንሹራንስ የሌለው ከሆነ ግን ከሦስቱ በየትኛው ጊዜ ላይ መሆንዎ ሁሉን ይወስናል። አደጋው ሲደርስ የአፑን ገጽ ፎቶ ያንሱት። የግል ውል ደግሞ ለሥራ ሲነዱ የደረሰውን ጉዳት ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። ምግብ ማድረስም ያው ሥራ ነው፤ የተለየ ተጨማሪ ሽፋን ይጠይቁ።

ጠበቃ መቼ ያስፈልጋል? የተጎዳው መኪናው ብቻ ከሆነ አያስፈልግም። ከኢንሹራንሱ ጋር ካልተግባቡ በአነስተኛ ክስ ችሎት ራስዎ መቅረብ ይችላሉ፤ ጣሪያው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ 5,000፣ በዲሲ 10,000 ዶላር ነው። በሜሪላንድና በዲሲ ፍርድ ቤቶች የአማርኛ አስተርጓሚ ያለክፍያ ይቀርባል። ሕመሙ ከሳምንታት ያለፈ፣ ሥራ ያስቀረ፣ ወይም ኢንሹራንሱ «እርስዎም አጥፍተዋል» ማለት የጀመረበት ጉዳይ ግን ጠበቃ ይፈልጋል። የአደጋ ጠበቃ ከሚያገኘው ካሳ ላይ ነው የሚከፈለው፤ የተለመደው ሲሶ ነው፣ ክስ ከተመሠረተ ወደ 40 በመቶ ሊወጣ ይችላል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ መቶኛው የሚሰላው የሕክምና መረጃ ማስወጫውና ሌላው ወጪ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብለው ይጠይቁ። ቢሮው አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ግን ጉዳይዎን የሚይዘውን ጠበቃ ራሱን ሳያገኙ አይፈርሙ።

አደጋው በደረሰ ማግስት ስልክ የሚደውልልዎ፣ «ጠበቃና ክሊኒክ አለኝ፣ ገንዘብ አስገኝልሃለሁ» የሚል የማያውቁት ሰው ካለ ይዝጉት። በዲሲ ሕግ በአደጋ የተጎዳን ሰው በ21 ቀን ውስጥ ለጥቅም ማባበል የተከለከለ ነው፤ በቨርጂኒያም ለጠበቃ ደንበኛ ማደን ወንጀል ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚልክዎት ክሊኒክ የሚቆልለው ሂሳብ የሚቆረጠው ከእርስዎ ካሳ ላይ ነው። ካሳውን ሲቀበሉም የጤና ኢንሹራንስዎ የከፈለውን ሊጠይቅ ይችላል። በቨርጂኒያ ሕጉ አብዛኞቹን የግል የጤና ኢንሹራንሶች ከዚህ ይከለክላል፤ ሜዲኬይድ፣ ሜዲኬርና አንዳንድ የአሠሪ ዕቅዶች ግን መብታቸው እንደተጠበቀ ነው።

«ወረቀቴ ገና ነው» ብሎ የሚፈራ ሰውም አለ። በሦስቱም ቦታ የካሳ ክስ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም። ሌሎች የሚያሳስባቸው ደግሞ በጓደኛቸው መኪና ውስጥ ተሳፍረው የተጎዱ ናቸው። የጓደኛቸው መኪና በመሃል ሆኖ ከኋላ ተገጭቶ የፊተኛውን ሲገጭ ጥፋቱ ከሁለቱ ሹፌሮች የማን እንደሆነ ላይታወቅ ይችላል፤ ጠበቃው «ጓደኛህንም መክሰስ አለብን» ይላል። አገር ቤት መክሰስ መቀያየም ነው፤ ልጅ ክርስትና ያነሳ ጓደኛ ይከሰሳል ወይ? እዚህ ክሱ በስሙ ይጻፋል እንጂ ጠበቃ የሚያቆምለትና በውሉ ጣሪያ ልክ የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ነው። ጓደኛዎ ለዓመታት የከፈለው ለዚሁ ቀን ስለሆነ አስቀድመው ቁጭ ብለው ያስረዱት፤ ወረቀቱ ሳያስጠነቅቁት ቤቱ ቢደርሰው ነው ቅሬታው የሚመጣው።

ሕክምናዎ ሳያልቅ ቼክ ቢመጣ አይቸኩሉ። ከቼኩ ጋር የሚመጣው የመልቀቂያ ሰነድ «ከዚህ አደጋ የሚመጣ ማንኛውም ጥያቄ» ብሎ ሁሉን ይዘጋል፤ በሚቀጥለው ወር ዲስክ መንሸራተቱ ቢታወቅ የሚመለስ በር የለም። የመኪናውን ጉዳይ ለብቻው መዝጋት ይቻላል፤ ሰነዱ «ለንብረት ብቻ» የሚል መሆኑን ያረጋግጡ። ቨርጂኒያ አንዲት ምሕረት አላት፤ ጠበቃ የሌለው ሰው አደጋው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ የአካል ጉዳት መልቀቂያ ከፈረመ፣ ከፈረመበት በኋላ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ የተቀበለውን ገንዘብ መልሶ በጽሑፍ ሊሽረው ይችላል።

ከአድጀስተሩ ጋር መነጋገር የክስ ጊዜን አያቆምም። በቨርጂኒያ ለአካል ጉዳት ያለዎት ጊዜ ከአደጋው ቀን ሁለት ዓመት ነው፤ ለንብረት አምስት። በሜሪላንድና በዲሲ ሦስት ዓመት ነው። የገጨዎት የመንግሥት መኪና ከሆነ ግን ጊዜው ይጠባል። የዲሲ ከተማ መኪና ከሆነ በስድስት ወር ውስጥ ለከንቲባዋ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ የቨርጂኒያ ከተሞችም ስድስት ወር ይላሉ፤ የሜሪላንድ ካውንቲዎችና ከተሞች አንድ ዓመት። የትምህርት ቤት አውቶቡስ፣ የቆሻሻ መኪና፣ የፖሊስ መኪና ከኋላ ከገጨዎት በዚያው ሳምንት ጠበቃ ያነጋግሩ።

ከኋላ ወንበር የነበረው ልጅ ከሆነ ለአካል ጉዳቱ የክስ ጊዜው የሚቆጠረው 18 ዓመት ከሞላው ጀምሮ ነው፤ ለሕክምናው ወላጅ ያወጣው ወጪ ግን የወላጅ ክስ ስለሆነ በወላጁ ሰዓት ይቆጠራል። በቨርጂኒያ ደግሞ ለልጅ የተደረገ ስምምነት የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው፤ ወላጅ ብቻውን ፈርሞ የልጁን መብት መዝጋት አይችልም።